ባዶ ብረትና ስፕሬይ ቀለም፦ ከመርጨቱ በፊት ያለው ሙግት

የብረት በር፣ የመኪና ኮፈን፣ የብስክሌት ፍሬም ወይም የበረንዳ ወንበር በገዛ እጁ ስፕሬይ ሊቀባ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያሳስበው የቀለሙ ነገር ነው፤ የትኛው ይደምቃል፣ የትኛው ይከርማል። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ አብጦ ወይም በጥፍር ሲነካ ተልጦ የተነሣ እንደሆነ ግን፣ ምክንያቱ ሲፈተሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከቀለሙ ሥር ነው። በደንብ ያልተጠረገ ቅባት፣ ሳይነሣ የቀረ ጥቁር ቅርፊት፣ በዝገት ጉድጓድ ውስጥ የተደበቀ ጨው፣ አንዳንዴም የእጅ ላብ።

እስከዚህ ድረስ ባለሙያዎች አይለያዩም። ልዩነቱ የሚጀምረው ቀጥሎ ነው። ብረቱ ምን ያህል ይሻከር? ከሥር የሚረጨው አሲድ ያለው ፕራይመር ይሁን ወይስ ኢፖክሲ? ዝገቱ እስከ መጨረሻው ይነሣ ወይስ በኬሚካል ቢለወጥ ይበቃል? ጋራዡና ፋብሪካው፣ ድልድይ ቀቢውና በግቢው የሚሠራው ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ አላቸው፤ ሁሉም በየፊናቸው ማስረጃ ይጠቅሳሉ። ብዙው ክርክር መቋጫ የሚያጣው ተከራካሪዎቹ ስለ ተለያየ ብረት እየተናገሩ ስለ አንድ ብረት የሚነጋገሩ ስለሚመስላቸው ነው።

ብሩሽ የሚምረውን ስፕሬይ አይምርም

ፈሳሽን በአየር መርጨት ወደ ቀለም ሥራ የገባው ከሕክምና ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በቶሌዶ ከተማ የነበሩት ሐኪም አለን ዴቪልቢስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የጉሮሮ መድኃኒት የሚረጭ መሣሪያ ሠሩ፤ ልጃቸው ቶማስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያንኑ ዘዴ ለቀለም አዋለው። ዛሬ ሱቅ ለሱቅ የሚሸጠው የስፕሬይ ቆርቆሮ የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ቀለም ሻጩ የኢሊኖይ ሰው ኤድዋርድ ሲሞር የአሉሚኒየም ቀለሙን ለደንበኞች ለማሳየት፣ በባለቤቱ በቦኒ ሐሳብ አመንጪነት፣ ቀለሙን ከሚገፋ ጋዝ ጋር በቆርቆሮ አሸገው።

ይህ ለውጥ የዝግጅቱን ጥያቄ አከበደው። ብሩሽ ቀለሙን እያሸ ወደ ብረቱ ስንጥቅ ያስገባል፤ ጥቂት አቧራ ቢኖር እንኳ ከቀለሙ ጋር ያደባልቀዋል። ስፕሬይ ጠብታውን ገጹ ላይ ያሳርፋል እንጂ አያሽም። በዚያ ላይ ከቆርቆሮ የሚወጣው አንድ እጅ ቀለም ሲደርቅ በብሩሽ ከሚቀባው የዘይት ቀለም በእጅጉ የሳሳ ነው። አያቶች በሽቦ ብሩሽ ፋቅ ፋቅ አድርገው የቀቡት በር ለዓመታት መክረሙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያ ልምድ ግን ወፍራምና ቀስ ብሎ የሚደርቅ የዘይት ቀለም ልምድ ነው።

በዝገት ላይ መቀባት ይቻላል የሚለው ወገን ታሪኩን የሚጀምረውም ከዘይት ነው። የመርከብ ካፒቴኑ ሮበርት ፈርጉሰን ዝገት በበላው የመርከብ ወለል ላይ የፈሰሰ የዓሣ ዘይት ዝገቱን እንዳስቆመው አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ረስት-ኦሊየም የተባለውን የቀለም ኩባንያ መሠረተ። ቀስ ብሎ የሚደርቅ ዘይት ወደ ዝገቱ ውስጥ ሰርጎ አየርና ውሃ ይከለክላል የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ በብዙ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ተቃራኒው ወገን ከዚያ የቀደሙና የጎለበቱ ሁለት ሥራዎችን ይጠቅሳል። የፊላደልፊያው ቤንጃሚን ቲልግማን እ.ኤ.አ. በ1870 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ አሸዋን በግፊት እየረጩ ጠንካራ ገጽን የመፋቅ ዘዴ አንዱ ነው። ሁለተኛው ቶማስ ኮስሌት በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1906 ያስመዘገበው፣ ብረትን በፎስፎሪክ አሲድ እያከሙ ገጹን ወደ ፎስፌት የመቀየር ዘዴ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ዛሬም ባዶ ላሜራን ቀለም ከማስነካታቸው በፊት በፎስፌት ገንዳ ወይም እርሱን በተኩት አዳዲስ ዘዴዎች ውስጥ ያሳልፉታል። በቤት ውስጥ የሚሞከሩት አሲዶችና ፕራይመሮች ሁሉ፣ ብዙዎቹ የሚጠቀሙባቸው ሰዎች ሳያውቁት፣ የዚያ ገንዳ ተተኪዎች ናቸው።

ብረት ሲባል የትኛው?

ሰው ባዶ ብረት የሚለው ቢያንስ አራት ነገር ነው። በጋለበት የተዳመጠ ብረት፣ ማለትም አብዛኛው አንግልና ወፍራም ላሜራ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ቅርፊት ለብሶ ይመጣል። ቅርፊቱ ጥብቅና አንጸባራቂ ስለሆነ ንጹሕ ብረት ይመስላል፤ ግን የብረት ኦክሳይድ ነው። በተሰነጠቀበት በኩል እርጥበት ሲገባ ሥሩ ያለው ብረት በፍጥነት ይዝጋል፣ ቅርፊቱም የተሸከመውን ቀለም ይዞ ይነሣል። በቀዘቀዘበት የተዳመጠው ስስ ላሜራ ቅርፊት የለውም፤ በመጋዘን እንዳይዝግ የተቀባ የፋብሪካ ዘይት ግን አለው።

ሦስተኛው ዚንክ የተነከረ ብረት ነው፤ በኢትዮጵያ ጣሪያና አጥር የሆነው ቆርቆሮ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በየሱቁ አንቲረስት እየተባለ የሚሸጠው ቀይ ቡናማ ቀለም ባብዛኛው አልኪድ፣ ማለትም የዘይት ዘር ነው። አልኪድ በቀጥታ በዚንክ ላይ ሲያርፍ ከዚንኩ ጋር ቀስ በቀስ ተዋሕዶ ሳሙና መሰል ንጣፍ ይፈጥራል፤ ቀለሙም ከጊዜ በኋላ በሰፊው ተገሽልጦ ይወርዳል። አንቲረስቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የተሠራው ለጥቁር ብረት ነው። ለዚንክ ራሱን የቻለ ፕራይመር ወይም ኢፖክሲ ያስፈልጋል። ባለሙያዎች ፎስፎሪክ አሲድና የመዳብ ጨው ያለበት፣ ገጹን የሚያጠቁር እጣቢም ይጠቀማሉ። ቆርቆሮው ወራትን በዝናብና በፀሐይ ካሳለፈ በኋላ መቀባት ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ያ ግን በላዩ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ታጥቦ ከወጣ ብቻ ያዋጣል።

አሉሚኒየም አራተኛው ነው። አየር እንደነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል፤ ስለዚህ በማሻከርና በመቀባት መካከል ያለው ጊዜ ማጠር አለበት። በብረት ሽቦ ብሩሽ መፋቅ ደግሞ የብረት ብናኝ በውስጡ ቀብሮ ለመበላት ያጋልጠዋል፤ ናይለን መፈግፈጊያ ወይም ለእርሱ ብቻ የተለየ ብርጭቆ ወረቀት ይሻላል።

ቅባት

ከሁሉም ሥራ ይህ መቅደም እንዳለበት ማንም አይከራከርም፤ በተግባር የሚዘለለው ግን እርሱ ነው። ቅባት ያለበት ብረት በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ቅባቱ አይጠፋም። ወደ ጭረቶቹ ይሰራጫል፣ ወረቀቱም ራሱ ቅባት አመላላሽ ይሆናል። ስለዚህ ማጽዳት ከማሻከር በፊትም በኋላም ይደረጋል።

አጠራረጉ ቀላል ይመስላል እንጂ ብልሃት አለው። አንዱ ጨርቅ ማሟሚያውን ይዞ ያርሳል፤ ሁለተኛው፣ ደረቅና ንጹሕ የሆነው፣ ፈሳሹ ሳይተንን ያነሣል። በአንድ ጨርቅ ብቻ የተጠረገ እንደሆነ ማሟሚያው ይተንና የሟሟው ቅባት ስስ ሆኖ ተመልሶ ይተኛል። በብዙ ቦታ ለዚህ ሥራ የሚውለው ቤንዚን ሁለት ጉዳት አለው፤ እሳት በቀላሉ ይይዛል፣ በውስጡ የተጨመሩት ኬሚካሎችም ከተነነ በኋላ ዝቃጭ ይተዋሉ። ናፍጣና ላምባ ከዚያም የባሰ ቅባት ያስቀራሉ። ሳሙናና ሙቅ ውሃ ደግሞ ማሟሚያ የማያነሣውን ጨው ያነሣል፤ ጨውን በቲነር መጥረግ ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ለፍሬን ማጽጃ የተሠሩ ስፕሬዮችን የሚመርጡ አሉ። ክሎሪን ያለባቸው ዓይነቶች ትነት ብየዳ ወይም የጋለ ብረት ሲያገኝ ፎስጂን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። ብየዳ በሚካሄድበት ግቢ እነዚህን መጠቀም ለሕይወት ያሰጋል፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም።

ማጽዳቱ መሳካቱን ለማወቅ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ውሃው ሳይቆራረጥ ገጹን ካለበሰ ንጹሕ ነው፤ ወደ ጠብታ ከተሰበሰበ ቅባት አለ። ከዚያ ወዲያው ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካንማ ዝገት ማውጣት ይጀምራልና።

ምን ያህል ይሻከር?

የድልድይና የመርከብ ቀቢዎች የሚመሩበት መለኪያ የተወለደው በስዊድን ነው። በፎቶግራፍ የተደገፈው የስዊድን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1988 አይ ኤስ ኦ 8501 ሆኖ ዓለም አቀፍ ሆነ። በእጅና በግራይንደር የጸዳውን በኤስ ቲ 2 እና 3፣ በአሸዋ ግፊት የጸዳውን በኤስ ኤ 1፣ 2፣ 2½ እና 3 ይመድባል። ለረጅም ዕድሜ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ኤስ ኤ 2½ ነው። በቤቱ የሚሠራ ሰው ቢበዛ ኤስ ቲ 3 ይደርሳል።

ከዚህ በመነሣት ሸካራ በሆነ ቁጥር ይይዛል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። የፒ 80 ብርጭቆ ወረቀት የጠጠር አማካይ መጠን ወደ 200 ማይክሮን፣ የፒ 180 ወደ 82፣ የፒ 320 ወደ 46 ማይክሮን ነው። ጭረቱ ከጠጠሩ መጠን እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ በፒ 80 የተፋቀ ብረት ሾጣጣ ጫፎች ከቆርቆሮ የተረጨውን ስስ ፕራይመር አልፈው ብቅ ሊሉ ይችላሉ። ዝገት የሚጀምረውም ከነዚያ ጫፎች ነው። በጋራዥ በስፕሬይ ጋን ወፍራም ኢፖክሲ የሚረጭ ባለሙያ ፒ 80 ወይም ፒ 120 ሲመርጥ፣ ስለ ቆርቆሮ ስፕሬይ የሚናገረው ደግሞ ፒ 180 እስከ ፒ 320 ሲል ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የቀለማቸው ውፍረት ይለያያል።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት ችግር የሽቦ ብሩሽ ነው። በግራይንደር ላይ የሚታሰር የሽቦ ጎማ ያልተጣበቀውን ዝገት ያራግፋል፤ የተጣበቀውንና ጥቁሩን ቅርፊት ግን ብዙ ጊዜ አለስልሶ ያብረቀርቀዋል። ዓይን ንጹሕ ብረት ያያል፣ ቀለሙ ግን መያዣ አያገኝም። ከሽቦ በኋላ ሁልጊዜ ብርጭቆ ወረቀት ወይም የፍላፕ ዲስክ ያስፈልጋል።

በአሸዋ ግፊት ማጽዳት ከሁሉም የተሻለ ገጽ እንደሚሰጥ አያጠያይቅም። ሆኖም ስስ ላሜራን ያጎብጣል። የወንዝ አሸዋ የተጠቀሙ እንደሆነ ደግሞ ብናኙ ሳንባን ለዘለቄታ የሚጎዳ ሲሊኮሲስ ያመጣል፤ ብሪታንያ ቀልጦ በቅርጽ በተሠራ ብረት ላይ በአሸዋ መንፋትን ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣ ደንብ ነው። ዛሬ በምትኩ ጋርኔትና የመዳብ ዝቃጭ ይሠራባቸዋል።

አሲድ ወይስ ኢፖክሲ

ሙግቱ የሚጋጋለው እዚህ ነው። አሲድ ያለው ፕራይመር ዝናውን ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ከተሠራው ደብሊዩ ፒ 1 ነው። ፖሊቪኒል ቡቲራል የተባለ ሙጫ፣ የዚንክ ክሮሜት ቀለምና ፎስፎሪክ አሲድ ተዋሕደውበት ነበር። አሲዱ ብረቱን ትንሽ ይበላል፣ ሙጫው በዚያ ይያዛል፣ ክሮሜቱ ዝገት ይከላከላል። ንጣፉ ከ8 እስከ 13 ማይክሮን ብቻ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ የኮስሌትን ገንዳ በስፕሬይ ጋን የመተካት ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

ደጋፊዎቹ አሉሚኒየምንና ዚንክን ጭምር እንደሚይዝ፣ ቶሎ እንደሚደርቅ፣ በቆርቆሮ ተዘጋጅቶ እንደሚገኝ ይናገራሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ያ ዝና የተገነባው በክሮሜት ላይ ነው፤ ክሮሜት ደግሞ ካንሰር አምጪ በመሆኑ ከሸማች ገበያ በስፋት ወጥቷል። ዛሬ በቆርቆሮ የሚሸጠው አሲድ ፕራይመር ባብዛኛው መጠነኛ አሲድና ዚንክ ፎስፌት ያለው ነው። የያኔውን ስም ይዞ የያኔውን ብቃት ይሰጣል ብሎ ማሰብ አይገባም። ስስ ስለሆነም ውሃ አይከለክልም፤ ሌላ ንጣፍ ሳይደረብበት ከቀረ ዝገት ይመጣል።

የኢፖክሲ ወገን የሚመካው በውሃ መከላከልና በመያዝ ኃይል ነው። ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ማጠንከሪያው ሲጨመርበት በኬሚካል ተሳስሮ ይደርቃል፤ ስቱኮም ከላዩ ሊለጠፍበት ይችላል። የመኪና አካል የሚያድሱ ብዙ ሙያተኞች ለባዶ ብረት እርሱን ያስቀድማሉ። ድክመቱ ለፀሐይ ነው፤ ሳይሸፈን ከቆየ ዱቄት ያወጣል።

ሁለቱን መደራረብ ይሻላል የሚል ሦስተኛ አስተያየት አለ፤ በመጀመሪያ አሲድ፣ ከዚያ ኢፖክሲ። የብዙ አምራቾች መመሪያ ይህን ይከለክላል፤ ምክንያቱም የኢፖክሲ ማጠንከሪያ አሚን፣ ማለትም ቤዝ፣ በመሆኑ ከሥሩ የቀረ አሲድ ያከሽፈዋል፤ ኢፖክሲው ሳይጠነክር ይቀራል። አሲድ ፕራይመር ላይ ስቱኮ መለጠፍም በተመሳሳይ ምክንያት አይመከርም።

እዚህ ላይ ገዢን የሚያሳስት አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። ኢፖክሲ ተብሎ በአንድ ክፍል ብቻ የሚሸጥ የስፕሬይ ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ ኢፖክሲ ኤስተር ነው፤ እንደ አልኪድ በአየር የሚደርቅ፣ ከእውነተኛው ኢፖክሲ ያነሰ ነገር። እውነተኛው በቆርቆሮ ሲመጣ ከታች ተጭኖ ማጠንከሪያውን የሚለቅ ቁልፍ አለው፤ ከተከፈተ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። ኢፖክሲ በቆርቆሮ ሞክሬ ተላጠብኝ የሚለው ሰውና ኢፖክሲ አይላጥም የሚለው ጋራዥ ምናልባት የተጠቀሙት አንድ ነገር አይደለም። በዚህ ዳሰሳ ሚዛን ለጸዳና ለተሻከረ ጥቁር ብረት እውነተኛው ኢፖክሲ ይቀድማል። ለአሉሚኒየምና በስሱ ለተጋለጡ ትናንሽ ቦታዎች አሲድ ፕራይመር በቂ ነው። ለበረንዳ ወንበር ግን ጥሩ አልኪድ አንቲረስት በንጹሕ ብረት ላይ ከሁለቱም ጋር ይወዳደራል።

ዝገቱን መለወጥ

ዝገት ለዋጮች የሚሠሩት በታኒክ ወይም በፎስፎሪክ አሲድ ነው። ታኒክ አሲድ ዝገትን ወደ ጥቁር ሰማያዊ የብረት ታኔት ይቀይራል፤ ሙዚየሞች የብረት ቅርሶችን ለማቆየት ይጠቀሙበታል። ፎስፎሪኩ ወደ ፎስፌት ይቀይራል። ኬሚስትሪው አያከራክርም። የሚያከራክረው ጥልቀቱ ነው፤ ፈሳሹ የደረሰበትን ብቻ ይለውጣል፣ ከወፍራም ዝገት ሥር የቀረው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ጨውንም አያነሣም። ንጹሕ ብረት ላይ መቀባቱም ትርጉም የለውም፤ የሚለውጠው ዝገት የለምና። ፎስፎሪክ አሲድ ሳይታጠብ ደርቆ ከቀረ ደግሞ በላዩ የመጣውን ኢፖክሲ ከላይ በተነገረው መንገድ ይጎዳል።

የስኮትላንድ ፎርዝ ድልድይ ለዚህ ክርክር ትልቅ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የተከፈተው ድልድይ ለአንድ ምዕተ ዓመት በአሮጌው ላይ አዲስ እየተደረበበት ኖረ። ከ2002 እስከ 2011 ግን አሮጌው ሁሉ በግፊት ተፍቆ የመስታወት ስንጣሪ ያለበት ኢፖክሲ ተቀባ፤ ከ25 ዓመት በላይ ይቆያል ተብሎ ይጠበቃል። የአጥር በር ድልድይ አይደለም፤ ሆኖም ባዶ ብረት ድረስ መውረድ የሚያስገኘውን ዕድሜ ያሳያል።

አየሩና ፈተናው

የተለመደው መለኪያ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ይብለጥ፣ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ አይለፍ የሚል ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ማለዳ ላይ ይህን ማሟላት ይከብዳል፤ ሌሊት ደጅ ያደረ ብረት ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛልና ዓይን ያላየው እርጥበት ይለብሳል። ረፋዱ አልፎ ብረቱ ሲሞቅ መርጨት ይመረጣል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነች ማሟሚያ ፈጥኖ ይተናል፤ በጠራራ ፀሐይ ጠብታው ሳያርፍ ደርቆ ገጹን እንዳያሻክረው ጥላ ያስፈልጋል።

የማስረጃው ጥያቄ አሁንም ክፍት ነው። አምራቾች በብዛት የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. በ1939 ደረጃ የሆነውን የጨው ጭጋግ ፈተና ነው። ይህ ፈተና ፈጣን ቢሆንም ውጤቱ ከእውነተኛው ደጅ ጋር በደንብ እንደማይዛመድ የዝገት ተመራማሪዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ደረጃዎቹም የተጻፉት ለወፍራም ቀለም ነው፤ ለቆርቆሮ ስፕሬይ የሚውሉት በግምት ነው። የቤቱ ሠራተኛ ግን የራሱን ፈተና ማድረግ ይችላል። ከተመሳሳይ ብረት ቁራጭ ወስዶ በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጅቶ ይቀባና፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ በምላጭ መረብ ቆርጦበት ፕላስተር ለጥፎ ይላጥ። አይ ኤስ ኦ 2409 የሚባለው ይኸው ነው። ከማንም ምክር ይልቅ ስለዚያ ብረትና ስለዚያ ቀለም የሚናገረው ይህ ቁራጭ ነው።

የጤናም ጉዳይ አለ፤ የአሮጌ ቀለም ብናኝ ሊድ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን መፈግፈግ አደጋ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን ሊድ በሚሊዮን 90 እጅ ብትወስንም፣ ደንቡ ከዚያ በፊት የተቀባውን አያጸዳም። ማጠንከሪያ ያላቸው የፖሊዩሪቴን ስፕሬዮች ደግሞ አስም የሚያስከትል አይሶሲያኔት አላቸው፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል አያስቆመውም።

ከዚህ ሁሉ ሙግት ግማሹን በቆርቆሮው ላይ የሚጻፍ አጭር መግለጫ ሊዘጋው ይችላል። ቀለም የሚያመርቱና የሚያስመጡ ድርጅቶች አራት ነገሮችን በአማርኛ ጎላ አድርገው ይጻፉ፤ ለየትኛው ብረት እንደተሠራ፣ አሲድ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት፣ ቀጣዩ እጅ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚረጭ፣ ምን ዓይነት ጭምብል እንደሚያስፈልግ። ገዢም እነዚህን አራቱን ሳያነብ ወይም ሳይጠይቅ ቆርቆሮውን አይውሰድ።